ፎስፌትን ቀስ ብሎ ማውረድ፦ የጨዋማው አኳሪየሜ ስምንተኛ ወር

አልጌው ድንጋዩን እንደ ፀጉር ሸፍኖት ነበር። በእጄ እየነጨሁ አወጣዋለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። በመጨረሻ አልጌውን የሚመግበውን ንጥረ ነገር፣ ፎስፌቱን፣ ስለካ 0.38 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ አገኘሁት። ኮራል ላለበት ገንዳ አብዛኞቻችን የምንፈልገው ከ0.03 እስከ 0.1 ያለውን ነው። ስለዚህ ይህ ወር ሙሉ በሙሉ የኬሚካል ማጣሪያ ወር ሆነ።

ገንዳዬ 150 ሊትር ይይዛል። ክሎውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ጎቢ የሚባል አንድ ዓሣ፣ አንድ ትልቅ ሌዘር (ቆዳ መሰል) ኮራልና ሦስት ራስ ያለው ሃመር ኮራል አሉበት።

በከሰሉ ጀመርኩ። አክቲቬትድ ካርቦን ማለቴ ነው። ቤት የመጣ ጓደኛዬ "ለቡና ከምናቀጣጥለው ከሰል በምን ይለያል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህኛው በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ስለሚሠራ ውስጡ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ውሃውን ቢጫ የሚያደርገው የሟሟ ቆሻሻ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሌዘር ኮራል ጎረቤቶቹን ለማራቅ የሚለቀው መርዝም እንደዚሁ። ፎስፌትን ግን አይዝም።

የቧንቧው ውሃ እንደ ክሎሪን ያለ ማከሚያ ኬሚካል ስላለበት፣ ጥቁሩ ዱቄት እስኪለቅ ድረስ በአርኦ (በልዩ ስስ ማጣሪያ በተጣራ) ውሃ አጠብኩት። ከዚያ በወንፊት ከረጢት አድርጌ ሳምፑ (ማጣሪያዎቹ ያሉበት ተጨማሪ ገንዳ) ውስጥ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ አስቀመጥኩት። በሦስት ቀን ውሃው ጠራ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ውሃ ሲጠራ ብርሃኑም ይበረታል። ኮራሎቹ እንዳይነጡብኝ መብራቱን ለ10 ቀን በ20 ፐርሰንት ቀነስኩት። አንድም አልነጣም።

ትልቁን ነገር የተማርኩት ከብረቱ ነው። ጂኤፍኦ የምንለው፣ ዝገት የመሰለው የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ፎስፌትን ይዞ ያስቀራል። አልጌው በጣም ስላስመረረኝ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን ሪአክተሩ (ውሃ በጠጠሩ መሃል የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ጨመርኩ። በአራት ቀን 0.38 የነበረው 0.06 ገባ። ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሃመሩን ተኮማትሮ አገኘሁት። ማታም አልተከፈተም። በሳምንቱ የአንዱ ራስ ሥጋ ከጠርዙ ተነስቶ ነጭ አጽሙ ታየ። ጨውነቱ 35፣ ሙቀቱ 25.5፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8.4፤ ሁሉም እንደነበረ ነው። የተለወጠው ፎስፌቱ ብቻ ነው። ኮራልም ለሰውነቱ ፎስፌት ያስፈልገዋል። የለመደውን በአንድ ጊዜ ስትነጥቁት ይጎዳል። ያንን ራስ አጣሁት፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጠጠሩን አወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ስለካ 0.21 ሆኗል! ምግብ አልጨመርኩም። ታዲያ ከየት መጣ? ከድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ለወራት ፎስፌት ሲሰበስብ ከርሟል። ውሃው ውስጥ ያለው ሲቀንስ ደግሞ መልሶ ይለቀዋል። ይህ ሲገባኝ ጥድፊያዬ በረደ። ድንጋዩ የያዘውን እስኪያራግፍ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያው በጠጠር ብዛት የሚጎዳው ኮራሉ ነው።

አሁን የማስገባው ሩቡን መጠን ብቻ ነው። የውሃውን ፍሰት የማስተካክለው የጠጠሩ ላይኛው ክፍል ቀስ ብሎ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ይጋገራል፣ ከበዛበት እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ገንዳውንም ከሪአክተሩ የሚወጣውንም ውሃ እለካለሁ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጠጠሩ ጠግቧል፣ ይቀየራል። ዜሮ ማድረስም አልፈልግም። ፎስፌትና ናይትሬት ተሟጠው ሲያልቁ ዲኖ የሚባለው ቡናማ ንፍጥ ቦታውን ይወስዳል፤ እሱ ከፀጉር አልጌ ይብሳል።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ ግን የምግቡ ነገር ይመስለኛል። በቀን ሦስት ጊዜ እመግብ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ነው። ፎስፌቱ የሚገባው በዚያ በር ነውና።

ዛሬ ጠዋት 0.13 ነው። በግራ በኩል ያለው ድንጋይ ላይ አልጌው ሳስቷል፤ ቀንድ አውጣዎቹም ደርሰውበታል። የቀሩት ሁለቱ የሃመር ራሶች ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ። ካርቦኑ አራት ሳምንት ስለሞላው ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።