ካቫ ከምን ጋር ይጠጣ? መጀመሪያ መለያውን ያንብቡ

ካቫ የስፔን አረፋማ ወይን ጠጅ ነው። አብዛኛው የሚመረተው በካታሎኒያ፣ በተለይም በፔኔዴስ አካባቢ ነው፤ ወይን ጠማቂው ጆሴፕ ራቬንቶስ በ1872 እ.ኤ.አ. በሳንት ሳዱርኒ ዳኖያ በሻምፓኝ አሠራር፣ ማለትም ጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ እንዲፈላ በማድረግ፣ ካቀረበው ጠርሙስ ጀምሮ ከተማዋ የሥራው ማዕከል ሆናለች። ማካቤዮ፣ ሻሬሎና ፓሬያዳ የሚባሉት የወይን ዓይነቶች ዋነኞቹ ናቸው። ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙና ለረጅም ጊዜ የመቆየት አቅሙ በአብዛኛው የሻሬሎ ውለታ ነው።

ምግቡን የሚወስነው ግን መለያው ላይ ያለው የስኳር ደረጃ ነው። ብሩት ናቱሬ ስኳር አይጨመርበትም፤ በሊትር ከ3 ግራም በታች ነው። ኤክስትራ ብሩት እስከ 6፣ ብሩት እስከ 12 ግራም ይደርሳል። ኤክስትራ ሴኮ ከ12 እስከ 17 ነው። ገዢ የሚሳሳተው ሴኮ ላይ ነው፦ ስሙ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ፣ ይላል እንጂ ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው። ሴሚ ሴኮ ከ32 እስከ 50፣ ዱልሴ ከ50 በላይ።

ሁለተኛው መረጃ ዕድሜው ነው። ተራው ካቫ ጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾው አተላ ጋር ቢያንስ 9 ወር ይቆያል፣ ሬዜርባ 18፣ ግራን ሬዜርባ 30 ወር። በቆየ ቁጥር የፍራፍሬው ሽታ ይቀንስና የተጠበሰ ዳቦና የለውዝ ጣዕም ይመጣል።

ወጣት ብሩት ከሁሉ በላይ የሚስማማው በዘይት ከተጠበሰ ነገር ጋር ነው፦ ክሮኬታ (በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበስ ድብልብል)፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ፣ ካላማሪ፣ የድንችና የእንቁላል ቶርቲያ። ኮምጣጣነቱና አረፋው ዘይቱን ከምላስ ላይ ይጠርጋሉ። ጨውም ይወዳል። ስፔኖች የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ሃሞን፣ ያቀርቡለታል፤ አሳማ የማይበላ ሰው በማንቼጎ አይብ ወይም በጨው በተቆላ አልሞንድ ቢተካው ምንም አይጎድልበትም። የአውሮፓ የብርድ ወቅት ሲያበቃ ካታሎኒያ ውስጥ ካልሶት የሚባለውን ረጅም ሽንኩርት በእሳት ነበልባል ላይ ያሳርሩና ከአልሞንድ፣ ከደረቀ በርበሬና ከቲማቲም በተሠራ ስጎ ይበሉታል። ለዚህ ብሩት ናቱሬ ሬዜርባ ይሻላል፤ ስጎው ወፍራም ስለሆነ ወጣቱን ይውጠዋል። ግራን ሬዜርባ ለተጠበሰ ዶሮና ለእንጉዳይ ሩዝ ይቀመጥ።

ትልቁ ጥፋት ኬክ ላይ ይፈጸማል። ጣፋጭ ምግብ ምላስን ለስኳር ስለሚያላምደው ከኬክ ጋር የተቀዳ ብሩት መራራና ጎምዛዛ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ግን ጥፋት የለበትም። ለገና ቱሮን (ከአልሞንድና ከማር ለሚሠራ ጣፋጭ) እና ለኬክ ሴሚ ሴኮ ወይም ዱልሴ ይግዙ። ኮምጣጤ የበዛበት ሰላጣም አይመከርም፤ ወይኑን ውሃ ውሃ ያሰኘዋል።

ወጣቱን ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፣ የቆየውን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አድርገው ያቅርቡ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ በሞላ ባልዲ ግን 30 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። በረዶ ብቻውን ይዘገያል፤ ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካ ነው የሚፈጥነው። ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ሽቦውን ሲፈቱ አውራ ጣትዎ ቡሹ ላይ ይሁን። ጠርሙሱን ያዘንብሉ፣ ቡሹን አጥብቀው ይያዙና ጠርሙሱን ያዙሩ እንጂ ቡሹን አያዙሩ። ሞቅ ያለ ወይም የተናወጠ ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ ወለል ላይ ይፈሳል።

ብርጭቆው ላይ የቀረ ሳሙና ወይም ቅባት አረፋውን ይገድለዋል፣ ስለዚህ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። ቀጭኑና ረጅሙ ብርጭቆ ለዓይን ያምራል፣ ለሽታ ግን አይረባም፤ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይበልጣል። የተረፈውን ለአረፋማ ወይን በተሠራ መክደኛ ዘግተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡት እስከ ማግስቱ ደህና ነው። አፉ ላይ ማንኪያ መሰካት የሚሉት ብልሃት ምንም አይፈይድም። ያልተከፈተውንም ቢሆን ይሻሻላል ብለው ለዓመታት አያስቀምጡ፤ ካቫ ለሽያጭ የሚወጣው ለመጠጣት ደርሶ ነው።