የጠፋ ረድፍ ፍለጋ

ሰሞኑን ውርጩ በርትቷል፤ ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደምትመስል ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም። ይሁንና ዛሬ ጋቢዬን ተከናንቤ የከፋኝ በብርዱ ሳይሆን ድረ ገጹን በራሳቸው የሚፈትሹልኝ ፕሮግራሞች፣ ቴስቶቹ፣ በሙሉ አረንጓዴ ሆነው (አልፈው) ስላደሩ ነው።

የምፈትሸው ድረ ገጽ ላይ ያለው የደንበኞች ሰንጠረዥ በሺህ የሚቆጠሩ ረድፎች አሉት ቢባልም፣ ብሮውዘሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኙት ስክሪኑ ላይ የሚታዩትና ከእነርሱ በላይና በታች ያሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ወደ ታች ስክሮል ሲደረግ የላይኞቹ እየተነሡ ሌሎች ይተካሉ። ስለዚህ ሴሌኒየም (ቴስቶቹ ብሮውዘሩን የሚያዙበት መሣሪያ) ገና ያልወጣ ረድፍ ፈልግ ሲባል ያለ ማቅማማት የለም ይላል። ረድፉን አግኝቶ መጫን ያለበት ቴስት በዚህ ጊዜ ወድቆ ይጮኻልና አያሳስብም፤ የረድፉ አይዲ (በገጹ ኮድ ውስጥ ያለው መለያ ስሙ) ገጹ በተከፈተ ቁጥር ቢቀያየርም፣ ተራ ቁጥሩ በአደራደሩ ቢዛባም፣ በኤክስፓዝ (በገጹ ውስጥ ያለን ነገር በቦታውና በይዘቱ መፈለጊያ ቋንቋ) የደንበኛውን መለያ የያዘውን ሕዋስ ይዞ ወደ ረድፉ መውጣት፣ ከዚያም ወደሚፈለገው ዓምድ መሻገር ይቻላል። የሚያስፈራኝ ረድፉ አለመኖሩን አይቶ መሰረዝን የሚያረጋግጠው ቴስት ነው። ደንበኛው ተሰረዘም አልተሰረዘም፣ ረድፉ ከስክሪኑ በታች እስካለ ድረስ ቴስቱ ያልፋል።

እማዬ ቡና ይዛልኝ መጥታ «አገኘኸው?» አለችኝ። የምፈልገው መጥፋቱን እንደሆነ ብነግራት «ለዚህም ደመወዝ ይከፍላሉ?» ብላ ሄደች።

ለዓይነ ስውራን ገጽ አንባቢ ታስቦ የተሠራው ኤሪያ-ሮውካውንት የተባለው ምልክት፣ ሠሪዎቹ በአግባቡ ካስገቡት፣ ያልወጡትንም ጨምሮ የረድፎቹን ጠቅላላ ብዛት ይናገራል፤ ግን ይህም የሰንጠረዡ የራሱ ምስክርነት ነው። የተሻለው፣ ከመሰረዙ በፊት ደንበኛውን በማጣሪያው ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ ሰርዞ፣ ገጹን እንደገና ከፍቶ፣ በዚያው ማጣሪያ ማጣት ይመስለኛል። እዚህም ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ዳታው እስኪመጣ ድረስ ሰንጠረዡ ባዶ ስለሚሆን፣ የቸኮለ ቴስት ያን ባዶነት አይቶ ደንበኛው ተሰርዟል ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲያው ዳታው መጥቶ እስኪያልቅ ልጠብቅ አልኩ። ማለቁን በምን አውቃለሁ? የምትሽከረከረዋ ምልክት ስትጠፋ። መጥፋቷንስ ማን ያረጋግጥልኛል?