መቶኛዋ ወፌ

ሁለት ወር ሙሉ ወፍ የለም። በአራዳ ቋንቋም፣ በቁሙም። ዝርዝሬ 99 ላይ ተቸክሎ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገፈርሳ ግድብ ሄጄ ሳፈጥ እውላለሁ፤ ያው የማውቃቸው ዳክዬዎችና ዝዮች ናቸው። እነሱም ለምደውኛል። "መጣ ደግሞ" የሚሉ ነው የሚመስለኝ።

ዝርዝር ስል፣ ወፍ የሚከታተል ሰው ሁለት አለው። አንዱ የዕድሜ ልክ ነው። ፍርድ ይመስላል፤ ነውም። በሕይወትህ ያየኸው የወፍ ዝርያ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሁለተኛው የዓመት ነው፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲገባ ተሰርዞ ከዜሮ ይጀመራል። በዚህ ነገር ከስንት ሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ታኅሣሥ 23 ምኑ ነው አዲስ ዓመት? መስከረም አንድ ቢሆን አደይ አለ፣ ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹት ወፎችም የሚገቡት በዚያው ሰሞን ነው። ዝርዝሩን የምንመዘግብበት የስልክ መተግበሪያ ግን አይሰማም።

እናቴ ነገሩ እስካሁን አልገባትም።

"ስንት ደረስክ?" ትለኛለች፣ ስንተኛ ክፍል እንደማለት።

"99።"

"ዶሮን ቆጥረሃታል?"

"ዶሮ አይቆጠርም እማዬ፣ የዱር መሆን አለበት።"

"እና ቆጥረህ ስትጨርስ ምን ይሰጡሃል?"

መልስ የለኝም። ፒተር ኬስትነር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 2024 ፊሊፒንስ ውስጥ 10,000ኛ ዝርያውን አይቷል። ለእሱም ምን እንደሰጡት እንጃ። እኔ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር ተወልጄ 99 ላይ ቆሜያለሁ።

ደግሞ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባይኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መሄድን ሞክሩት። ባለፈው አንድ ግቢ አጥር ላይ ያረፈች ወፍ ሳይ ጥበቃው መጣ። "ምን እያየህ ነው?" ወፍ አልኩት። "የምን ወፍ?" ስሟን ነገርኩት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባሰብኝ። "እስቲ አሳየኝ" ሲል ወፏ በረረች። አርባ ደቂቃ አቆመኝ። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች በእኔው ባይኖኩላር የፎቁን በረንዳ ሁሉ አንድ በአንድ ያየበት እሱ ነው። እኔን ነው እንግዲህ የተጠረጠርኩት።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሀዋሳ የሄድነው ዘጠኝ ሆነን ነው። ቡድናችን ውስጥ 412 ያየ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱ ሲተዋወቅ የሚያስቀድመው ቁጥሩን ነው። ሕግም አለን፤ ድፍን ቁጥር የሞላ ሰው ይጋብዛል። ቀኑን ሙሉ አሞራ ገደል ዋልን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች እጅ እጅ ያያሉ። ያላቸው ግርማ! ግን አሉኝ። ዓሣ አዳኙ ንስርም አለኝ። ሁሉም አለኝ። 99።

አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር አንድ ምግብ ቤት ግቢ ተቀመጥን። መብራት ሲበራ ትንኙ ተሰበሰበ። ያኔ አንድ ነገር ከዛፉ ወጥቶ በመብራቱ ሥር ሽው አለ። ድምፅ የለውም። እጥፍ አለና ተመለሰ።

ናይትጃር የሚሉት ወፍ አለ። ቀን መሬት ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ተለጥፎ ይውላል፤ ሲመሽ ይነሳና አፉን ከፍቶ እየበረረ ነፍሳት ይለቅማል። ሁለት ወር ያጠናሁት እሱን ነው። ብድግ ስል ወንበሬ ወደቀ።

"ናይትጃር! ናይትጃር!"

አስጎብኚያችን ገና ልጅ ነው፣ የሀዋሳ ልጅ፣ ትሑት። ቀና ብሎ አየና ቀስ ብሎ፣

"የሌሊት ወፍ ናት፣ ጋሼ" አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሌሊት ወፍ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ከኮርኒሳችን ሥር በመጥረጊያ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ጡት አጥቢ መሆኗን ፈተና ላይ መልሼ ነጥብ አግኝቼባታለሁ። ግን ሁለት ወር የእንግሊዝኛ የወፍ መጽሐፍ ብቻ ሲያነብ የከረመ ጭንቅላት ነው። ናይት፣ ሌሊት። ወፍ፣ ወፍ። ልጁ በአማርኛ ያረጋገጠልኝ መሰለኝ።

"አዎ! የሌሊት ወፍ!" ብዬ አቀፍኩት። "ሰማችሁ? የሌሊት ወፍ ናት አለ!"

"አይ ጋሼ፣ እኔ ማለቴ..."

"ተባረክ ወንድሜ!" 200 ብር ኪሱ ከተትኩለት።

አንድ ሰው አላረመኝም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስምንት ሰው ተቀምጦ ያያል። ባለ 412ቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳኛል። ሸክላ ጥብስ አዘዝኩ፤ ዝም። ሁለተኛ ዙር ቢራ አዘዝኩ፤ ዝም። ንግግር አደረግኩ። ንግግር! "ትዕግሥት" የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። በንግግሩ መሀል ያቺው ወፌ ተመልሳ ከራሳችን በላይ ካለው የጣራ እንጨት ላይ አረፈች። አረፈች እንኳን አይባልም። ተዘቅዝቃ ተንጠለጠለች።

ጆሮ ነበራት።

ሳቁ ጋብ ሲል መከራከር ሞከርኩ። በፈረንጆቹ 1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ አንዲት የወፍ ክንፍ ተገኝታ ነበር። ክንፍ ብቻ። ከዚያች ክንፍ ተነስተው በ1995 አዲስ የናይትጃር ዝርያ ብለው ስም አወጡላት። "እነሱ በአንድ ክንፍ ዝርያ መዘገቡ፣ እኔ ሁለት ክንፍ ከነባለቤቷ አይቻለሁ" አልኩ።

"የእነሱ ላባ ነበረው" አለ ባለ 412ቱ።

ሂሳቡን ከፈልኩ። ሂሳብ ይረሳል። የማይረሳው ስቲከሩ ነው።

ያቺን ፎቶ ማታውኑ ጀርባዋን ቆርጦ የቴሌግራም ስቲከር አደረጋት። ጣቴ ወደ ሰማይ፣ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ክፍት፣ ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጥቶ። ከሥር "የሌሊት ወፍ!" ይላል። መጀመሪያ በቡድናችን ውስጥ ብቻ ነበርኩ። አንዱ ከቤቱ ሳይወጣ "ደርሻለሁ" ሲል እኔ እላካለሁ። በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ የሠርግ ኮሚቴ ግሩፕ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሙሽራው "አዳራሽ ተገኘ" ብሎ እኔን ለጥፏል። በማን በኩል እንደደረስኩ አልታወቀም። ከዚያ የሰፈራችን እድር። እድር! የቀብር ሰዓት በሚነገርበት ግሩፕ፣ ገንዘብ ያዡ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም ዘርዝረው ከሥሩ እኔን አስቀመጡ። እሳቸው እኔ መሆኔን የለዩ አይመስለኝም። ስሜም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ለሆነ ሰው ስትልከው አየሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ስልኳን አየች። መልሳ አየችኝ። ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ "ወራጅ አለ" ብዬ ወረድኩ።

መቶኛዋን ሰርዤ ወደ 99 ተመለስኩ። ከወር በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ እንጦጦ ጥዱ መሀል ቆሜ ሳለ አመድማ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለች። ከጭራዋ ሥር የሸክላ ቀለም አላት። አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ትቀበላታለች። አቢሲኒያን ካትበርድ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ደጋግሜ አየኋት። ጥርት ያለ ፎቶ አነሳሁ። ምንቃሯን፣ እግሯን፣ ላባዋን አረጋገጥኩ። አልጮህኩም፣ ጣቴንም አላነሳሁም። ቁጭ ብዬ ተረጋግቼ ለቡድኑ ጻፍኩ፤ "100። ካትበርድ።"

አንዷ "በአማርኛ ምንድን ነው?" አለች።

ሳላስበው "የድመት ወፍ" ብዬ መለስኩ።

ከሁሉ ቀድሞ ስቲከሩን የላከው ያ የሀዋሳው ትሑት ልጅ ነው። ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፤ "ጋሼ፣ ጆሮ አላት?"