ሕፃን ታቅፎ ስፌት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ልጄ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ጀምራለች። ከተወለደች ጀምሮ ቤት ውስጥ ምን ስሠራና እንዴት ስቆጥብ እንደከረምኩ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ስፌት ከመውለዴ በፊትም እወድ ነበር። ኪሮሽ ግን የተማርኩት በእርግዝናዬ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ በመማሬ ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ሕፃን ባለበት ቤት የእጅ ሥራ የሚመረጠው በማማሩ ወይም በሚያድነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እኔ አዲስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ራሴን የምጠይቀው ልጅቷ አሁን ብታለቅስ ይህን ባለበት ጥዬ መነሳት እችላለሁ ወይ ብዬ ነው። የምችል ከሆነ እጀምረዋለሁ። ካልሆነ ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ከዚህ በታች የማወራው ነገር ሁሉ በዚህ ጥያቄ አልፎ የመጣ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል። ሲሰሙት ብዙ ነው። እንቅልፉ ግን ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ለመጥባት ይነቃል፣ ሽንት ጨርቅ ይቀየርለታል፣ ያገሳል፣ መልሶ ይተኛል። በዚያ መሀል እናትም መተኛት አለባት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርፌ አላነሳሁም፤ ለምትወልዱም የምመክረው ይህንኑ ነው። ሰውነት ገና እየጠገነ ነው። በዚያ ወቅት ከእንቅልፍ የሚበልጥ ቁጠባ የለም።

ኪሮሹ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለእናት የሚመች የእጅ ሥራ ካለ እሱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። በኪሮሽ ስትሠሩ በየትኛውም ሰዓት መንጠቆው ላይ ያለችው አንዲት ቀለበት ናት። ልጅ ሲያለቅስ ቀለበቷን ሳብ አድርጎ ማርዘም፣ ወይም መርፌ ቁልፍ ማስገባት፣ ከዚያ መነሳት ነው። ከሰዓታት በኋላ ተመልሳችሁ ብትመጡ ሥራው እንዳለ ይጠብቃችኋል። በሁለት መርፌ የሚሠራ ሹራብ ግን ረድፉ በሙሉ ክፍት ቀለበት ነው። መርፌው ከሾለከ ብዙ ይፈታል። ሹራብ እወዳለሁ፤ ግን ልጅ ጡት ላይ ይዞ የሚሠራ አይደለም።

በኪሮሽ የሠራሁት በአብዛኛው ትንንሽ የጥጥ ፎጣ ነው፤ ፊት መጥረጊያ፣ አፍ መጥረጊያ፣ ገላ ማጠቢያ። የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ ነው፣ መቁጠርም አያስፈልግም፣ አራት ማዕዘን ሲሆን አለቀ። ለሕፃን የሚሆን ነገር ስትሠሩ ሥራውን ጠበቅ አድርጉት። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ዳንቴል መሰል ብርድ ልብስ ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን ትንንሽ ጣቶች ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ይያዛሉ።

ስለ እጃችሁም ላንሳ። በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው አካባቢ ሕመም የሚሰማቸው አዲስ እናቶች ብዙ ናቸው። ሕፃኑን ከብብቱ ይዘን ስናነሳ አውራ ጣታችን ተዘርግቶ ሸክሙን ይሸከማል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምናነሳ አስቡት። ፍሪትዝ ደ ኩዌርቬን የተባለ የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ስለገለጸው ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ኪሮሽ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ወፈር ያለ መንጠቆ እመርጣለሁ፣ ቶሎ ቶሎ አርፋለሁ፤ ሕፃኗንም ከብብቷ ሳይሆን አንዱን እጄን ከመቀመጫዋ፣ ሌላውን ከአንገቷ ሥር አስገብቼ አነሳለሁ። ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ማየት ነው።

ወደ ስፌት መኪናው ስመለስ፣ አንድን ልብስ በአንድ ቁጭታ ጨርሶ መነሳት የሚባል ነገር ቀርቷል። ሥራውን በየደረጃው ቆራረጥኩት። አንድ ቀን መለካትና መቁረጥ ብቻ ነው። ሌላ ቀን በስፒል ማያያዝ። ከዚያ ቀጥታ ስፌቱን ሁሉ በአንድ ላይ፣ ጠርዝ መቀምቀሙን ደግሞ ለብቻ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ከረጢት አለው፤ ክሩ፣ ላስቲኩና የተቆረጠው ጨርቅ አብረው ይገባሉ፣ የቀረው ምን እንደሆነም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እጨምርበታለሁ። ይቺ ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ትናንት የት እንደቆመ አያስታውስም። የእጅ ስፌት ከሆነ ደግሞ መርፌው ላይ ክር አስገብቼ፣ ከረጢቱን ዘግቼ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ። አምስት ደቂቃ ስትገኝ ክር በማስገባት አትባክንም።

አሁን በጣም የተጠየቅኩት ላይ ልድረስ፤ የጨርቅ ዳይፐር።

አራስ ልጅ በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው። እኔ የመረጥኩት የድሮውን ጠፍጣፋ ሽንት ጨርቅ ነው፤ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጠላ የጥጥ ጨርቅ፣ ታጥፎ የሚታሰር። ተደርቦ የተሰፋው ዓይነት ለማልበስ ይቀላል። ጠፍጣፋው ግን ነጠላ ስለሆነ ውሃና ሳሙና በሁሉም በኩል ያልፍበታል፣ ቶሎም ይደርቃል። ልጅቷ ስታድግ አስተጣጠፉን መቀየር እንጂ ሌላ መግዛት የለም።

ጨርቁ ከየት መጣ? ካረጁ አንሶላዎችና ካለቁ ቲሸርቶች። ይህን ያደረግኩት ለቁጠባ ብቻ አይደለም። አዲስ ጥጥ ላዩ ላይ የተፈጥሮ ሰም መሰል ቅባት አለው፤ ተደጋግሞ እስኪታጠብ ድረስ ውሃ በደንብ አይመጥም። ዓመታት የታጠበ አንሶላ ያ ቅባት ከለቀቀው ቆይቷል፣ በዚያ ላይ ለስላሳ ነው። ለልጅ ቆዳ ከአዲሱ ይልቅ አሮጌው የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው። አንሶላው ስለሚተረተር ጠርዙ መቀምቀም አለበት። ቲሸርት ግን ሲቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም፣ ጥቅልል ይላል እንጂ፤ ስለዚህ ያለ ምንም ስፌት በመቀስ ብቻ መጥረጊያና ውስጥ የሚነጠፍ ደራቢ ይወጣዋል። የስፌት መኪና የሌላችሁ ከዚህ ጀምሩ። የፎጣ ጨርቅ ደግሞ ውሃ በደንብ ይመጥጣል፣ ግን ሲቆረጥ ብናኝ ይለቃል፤ ዙሪያውን ዚግዛግ ካልተሰፋ ቤቱን ይሞላዋል።

እጥበቱ ላይ የምከተለው ይህንን ነው። ዓይነ ምድሩ ሽንት ቤት ይገባል። ጨርቁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታለቃል፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉን ያጸናዋል። ቀጥሎ በ60 ዲግሪ ውሃ፣ በበቂ ሳሙና ይታጠባል። ሳሙናው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፣ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል። የልብስ ማለስለሻ አይጨመርም፤ ጨርቁን በስሱ ይሸፍነውና መምጠጥ ያቆማል። ወፍራም የሽፍታ ቅባት ስትቀቡም እንዲሁ ነው፣ ከሥሩ ብጣሽ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ከዚያ ፀሐይ። ቢጫ ምልክት የቀረበትን ጨርቅ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ማታ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በረኪና አልነካሁም።

ሁልጊዜ ጨርቅ ነው የምጠቀመው አልልም። ሌሊትና መንገድ ስንወጣ የሚጣለውን ዳይፐር አደርግላታለሁ። የቀረውን ጊዜ ብቻ በጨርቅ መጠቀምም ትልቅ ቁጠባ ነው፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ካልሆነ ዋጋ የለውም ብሎ እንዳያስጨንቃችሁ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ የጨርቅ ዳይፐር በአካባቢ ላይ ያለው ጥቅም የሚወሰነው በአስተጣጠቡ እንደሆነ አሳይቷል፤ ማጠቢያውን ሞልቶ ማጠብ፣ በማድረቂያ ሳይሆን በገመድ ማድረቅ፣ ለሁለተኛ ልጅም መጠቀም። ለኪስም የሚሠራው ያው ነው። ውሃ በእጅ እየቀዳች የምታጥብ እናት ደግሞ ጉልበቷንም ሒሳብ ውስጥ ታስገባ። የእናት ወገብ በነፃ አይገኝም።

ልብስ ላይ የተማርኩት ትንሽ መስፋትን ነው። አብዛኛው ሕፃን በአምስት ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፣ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ቁመቱም በዚያው ዓመት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ለአራስ የሚሆን የሚያምር ልብስ ሰፍቶ ማስቀመጥ ማለት ሳይለበስ እንዲጠብ ማስቀመጥ ነው። ለአራስነት ሰው የሚያወርሳችሁን ተቀበሉ፣ ሰልባጅም ይሁን። ስፌታችሁን ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ አድርጉት።

በጣም የወደድኩት ሥራ ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ የሰፋሁት ሱሪ ነው። ሹራቡ ሲቆረጥ ስለሚተረተር፣ መጀመሪያ የምቆርጥበትን መስመር በዚግዛግ ሰፋሁት። ቀጥሎ ሁለቱን እጅጌዎች ከትከሻቸው ቆርጬ አወጣሁ። እያንዳንዱ እጅጌ አንድ እግር ነው። ከሰፊው ጫፍ ጀምሮ ያለውን የብብት ስፌት አንድ ስንዝር ያህል ተረተርኩ፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጠምኩና ከወገብ እስከ ወገብ ሰፋሁ። እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከዚያው ሹራብ የተቆረጠች ትንሽ አራት ማዕዘን ጨመርኩ፤ የጨርቅ ዳይፐር ወፍራም ስለሆነ ያለ እሷ ሱሪው ይጎትታል። ወገቡ ላይ ላስቲክ ገባ። ደስ የሚለው የእጅጌው አንጓ ነው። ራሱ ተሰብስቦ የተሠራ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ ይይዛል፣ መቀምቀም አያስፈልገውም። አሁን ወደ ላይ ሁለቴ ታጥፏል። እግሯ ሲረዝም አንድ አንድ እየፈታሁ እለቅላታለሁ።

አንገት ላይ ደግሞ ትከሻው የሚደራረበውን ዓይነት ቅድ ፈልጉ። ጭንቅላት በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዓይነ ምድሩ ዳይፐሩን አልፎ ጀርባ ድረስ የወጣ ቀን ደግሞ ልብሱን በእግር በኩል ወደ ታች ማውለቅ ይቻላል። ይህ ያለው ልብስ ፊቷን ሳያቆሽሽ ይወጣል።

አሻንጉሊት ብዙም አልሠራሁም። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፣ ጡት እየጠባ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት ማለት ነው። ደማቅ ልዩነት ያለው ነገር ይስበዋል። ከጥቁርና ከነጭ ብጣሽ ጨርቅ ትንሽ መጽሐፍ ሰፋሁላት፤ መስመር፣ ክብ፣ ዳማ። ዛሬም ታኝከዋለች።

ከቁጠባ በፊት የሚመጡ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ላይ ጥብቅ ነኝ። ልጅቷ የምትተኛበት ቦታ ላይ ትራስ፣ የአልጋ ዙሪያ መከላከያ፣ የላላ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይገባም። የምትተኛው በጀርባዋ፣ በተወጠረ አንሶላ ላይ ነው። ብርድ ልብስ መስፋት ለምትወዱ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብርድ ልብሱን ወለል ላይ ለመጫወቻ አንጥፉት፤ ለመኝታ ደግሞ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ስፉ። ቁልፍ አልተክልም፣ የአሻንጉሊት ዓይን በክር ጥልፍ ነው የምሠራው። አንገት ላይ የሚሳብ ገመድ አይኖርም። አደጋ የደረሰበት ወይም ታሪኩ የማይታወቅ የሕፃን የመኪና ወንበር በነፃ ቢሰጠኝም አልቀበልም። የጣሳ ወተት የምታጠጡም ዱቄቱ እንዲበረክት ብላችሁ ውሃ አታብዙበት፤ የልጁን የደም ጨው ያዛባል፣ አደገኛ ነው።

ካልሲና ጓንት ስትሰፉ ወይም ከሰው ስትቀበሉ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። የላላ ክር ወይም የእናት ፀጉር በእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ልጁ ያለቅሳል፣ ምክንያቱ አይታይም። እኔ የክሩን ጫፍ ሁሉ እስከ ስፌቱ ድረስ ቆርጬ አነሳለሁ። ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ ሲያጋጥማችሁም ካልሲውን አውልቁና ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ።

አሁን ልትድህ ነው። ወለሉ የእሷ ሊሆን ስለሆነ የስፌት ዕቃዬን እያስተካከልኩ ነው። ስፒሎቹን ትቼ በትንንሽ መቆንጠጫ ማያያዝ ጀምሬአለሁ፤ ቢወድቅ ይታያል፣ አይወጋም። መርፌዎቹ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፣ ሥራ ስጨርስ ደግሞ በማግኔት ወለሉን አስሳለሁ። ቀጣዩ ከረጢት ውስጥ ያለው የተቆረጠ የአሮጌ ጂንስ ሱሪ ነው። ከደኅናው ቦታ የወጡ ሁለት ክብ ቁርጥራጮች በእጅጌው ሱሪ ጉልበት ላይ ይጣፋሉ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት፦ ግራው ተያይዟል፣ ቀኙ ይቀራል።