ጅማ ቁጭ ብዬ ፎቶን ስቆጥር

ነጠላ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚያመነጭ መሣሪያ የለኝም። ጅማ ቤቴ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ የኳንተም ብርሃን ሙከራውን በፓይተን (በፕሮግራም ቋንቋ) አስመስዬ ሠራሁት።

የመረጥኩት የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ አሮንሰንና አርኪፖቭ በ2011 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ቦሶን ሳምፕሊንግ ነው። ይሄ ሁሉን የሚሠራ ኮምፒውተር አይደለም። ተመሳሳይ ፎቶኖችን በመስታወቶች መረብ ውስጥ ትለቃላችሁ፤ በየትኛው በር እንደወጡ ትቆጥራላችሁ። በቃ። ይህንኑ ማስላት ግን ለተራ ኮምፒውተር መከራ ነው።

በሁለት ፎቶን ጀምሩ። ግማሹን ብርሃን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ መስታወት አለ እንበል። በግራና በቀኙ አንድ አንድ ፎቶን ይገባል። ለየብቻ የሚወጡት ሁለቱም ካለፉ ወይም ሁለቱም ከተንጸባረቁ ነው። የሚደመረው ዕድሉ ሳይሆን አምፕሊቲውዱ ነው (ካሬው ዕድሉን የሚሰጥ፣ ከዜሮ በታችም ሊሆን የሚችል ቁጥር)፤ የአንዱ 1/2፣ የሌላው -1/2። ድምሩ ዜሮ! ስለዚህ ሁሌም ተያይዘው በአንድ በር ይወጣሉ። ሆንግ፣ ኡ እና ማንዴል በ1987 በላብራቶሪ ያሳዩት ይህን ነው። ስክሪኑ ላይ 0.0 ሲመጣ ጮቤ ረገጥኩ። ጓደኛዬ ግን «ለዜሮ ነው እንዴ እስካሁን ያመሸኸው?» አለኝ።

ፎቶን ሲበዛ አምፕሊቲውዱን ለማስላት ፐርማነንት ይመጣል፤ ከቁጥሮች ሠንጠረዥ (ማትሪክስ) አንድ ቁጥር የሚያወጣ ስሌት ነው። ዲተርሚናንት ማለት ነው፣ የመቀነስ ምልክቶቹ ሁሉ መደመር ሆነው። የዋህ ይመስላል፤ ዲተርሚናንትን የሚያፈጥነው አቋራጭ ግን እዚህ አይሠራም። ፐርማነንትን የሚያሰላው የራይዘር ቀመር ትንሽ ያቃልላል፤ ያም ሆኖ አንድ ፎቶን በጨመራችሁ ቁጥር ሥራው ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ኮዳችሁን የምታምኑት የሁሉም ውጤቶች ዕድል ተደምሮ 1 ሲሆን ነው። ካልሆነ መጀመሪያ የማየው በአንድ በር ተደራርበው ለወጡ ፎቶኖች ዕድሉ በቁጥራቸው ፋክቶሪያል (ለ3 ቢሆን 3×2×1) መከፈሉን ነው። 3 ፎቶን በ6 በር 56 ውጤት አለው፤ 10 ፎቶን በ20 በር ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ። እዚያ ስትደርሱ ሁሉንም መዘርዘር ትታችሁ ናሙና ብቻ አውጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ስለሚያናድድ ውጤቱ በየጊዜው ፋይል ላይ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ብክነትን ጨመርኩ። እኔ ጋ ፎቶን አይጠፋም፤ እውነተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ይጠፋል። እያንዳንዱ ፎቶን የመድረስ ዕድሉ ግማሽ ከሆነ፣ አስሩም አብረው የሚደርሱት ከ1,024 ሙከራ በአማካይ አንዴ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2020 ጁጃንግ በተባለው የብርሃን ኳንተም ኮምፒውተራቸው እስከ 76 ፎቶን ሲቆጥሩ ከነጠላ ፎቶን ይልቅ ስኩዊዝድ የሚባለውን (የአንድ ባሕርዩ መዋዠቅ የተጨመቀ) ብርሃን ነበር የተጠቀሙት።