ሰባትና አምስት የቱ ይበልጣል?

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ስንሸጥ፣ የአለቃችን የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ሒሳብ ይኼ ነበር፦ የኢንቴል አይ 7 ከአይ 5 ይበልጣል፣ አይ 5 ከአይ 3 ይበልጣል። በቃ።

አንድ ቀን ልጆች ቼዝ የሚያሠለጥኑ ጋሼ መጡ። ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም በደንብ የሚሠራበት ማሽን ነው የፈለጉት። ገና ተናግረው ሳይጨርሱ አለቃችን ኮር አይ 7 7500ዩውን መዘዘ። "ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 2 ጊጋ ነው!" አላቸው።

ስቶክፊሽ ግራፊክስ ካርድ አይነካም። ካርዱን የምትፈልገው ሊላ የምትባለው ሌላዋ የቼዝ ፕሮግራም ናት። ለስቶክፊሽ እ.ኤ.አ. በ2020 ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር የሒሳብ መረብ) ሲገባለት እንኳ በፕሮሰሰር እንዲሠራ ተደርጎ ነው የገባለት። ስቶክፊሽ የሚወደው ኮር ነው፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎች ማለት ነው። ያ አይ 7 ደግሞ ያለው 2 ኮር ነው። አጠገቡ የነበረው፣ በዋጋም የሚረክሰው አይ 5 8250ዩ ግን 4 አለው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 በ8ኛው ጀነሬሽን ነው ለስስ ላፕቶፖች ኮሩን እጥፍ ያደረገው።

"ጋሼ፣ ለእርስዎስ ይኼኛው ይሻላል" አልኩ።

አለቃችን አፈጠጠብኝ። "ሰባትና አምስት የቱ ይበልጣል?" አለኝ። ደንበኛ ፊት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ!

ጋሼ ክርክር ውስጥ አልገቡም። ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። ሁለቱም ላይ ፕሮግራሙን ከፍተው፣ ትሬዱን (ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚይዘውን የሥራ ቁጥር) እስከ ጥግ ሞልተው፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ ሰጧቸው። በሰከንድ የሚመረምሩትን የቼዝ አቋም ብዛት ሲያዩት አይ 5ቱ በሰፊው ይመራል። ትንሽ ቆይቶ የሁለቱም ቁጥር መውረድ ጀመረ። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ስስ ላፕቶፕ ደግሞ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቢሆንም አይ 5ቱ መሪነቱን አልለቀቀም።

አለቃችን ስክሪኑን ዘለግ አድርጎ አየና "ጋሼ፣ ፍላሽዎ ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም" አለ።

ቫይረስ! ከሁለት ላፕቶፕ ረከስ ያለውን መርጦ የሚያፈጥን ቫይረስ ካለ እኔም እፈልገዋለሁ።

ጋሼ አይ 5ቱን ገዙ፣ በተረፈው ብር ራም አስጨመሩ፣ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ያ አይ 7ም ብዙ አልቆየም። ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ የቢሮ ሰው ሳይከራከር በተጠየቀው ዋጋ ወሰደው። እስካሁን በመንገድ ሲያልፍ አለቃችንን ያመሰግነዋል። ጓደኞቹንም ልኮልናል፣ እነሱም አይ 7 ነው የሚፈልጉት።