ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለው ላብ ስኩል፦ ከየት መጣ፣ ልጅ ለማስገባትስ ምን ያስፈልጋል

አሜሪካ ውስጥ ልጁን የት እንደሚያውል የሚያስብ ሐበሻ ብዙ ጊዜ የሚታየው ወይ ሰፈር ያለ የቤት ዴይኬር ነው፣ ወይ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ድርጅት። ሦስተኛው አማራጭ ብዙዎች በየቀኑ በመኪና የሚያልፉት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። ላብ ስኩል ይሉታል። ኮሌጁ ሕፃናትን ይቀበላል፣ የመምህርነት ተማሪዎቹ እዚያ ይለማመዳሉ፣ ተመራማሪዎቹም እዚያ ያጠናሉ። ላብ ስኩል ሲባል ጠና ያሉት ወገኖቻችን ስድስት ኪሎ የነበረውን ልዑል በዕደ ማርያምን ያስታውሱ ይሆናል። ያ ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

መነሻው ቺካጎ ነው። የትምህርት ፈላስፋው ጆን ዱዊ በጥር 1896 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 16 ልጆች ይዞ ጀመረ። ልጆቹ ያበስላሉ፣ ይሸምናሉ፣ እንጨት ይሠራሉ፤ ሒሳቡና ሳይንሱ ከሥራው ውስጥ ይወጣል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ግን ዋናው ዘመን 1920ዎቹ ናቸው። አዮዋ ውስጥ ኮራ ባሲ ሂሊስ የምትባል እናት፣ መንግሥት በቆሎና አሳማ ለማሻሻል ለምርምር ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ለልጅስ ለምን አያወጣም ብላ ለዓመታት ወተወተች፤ በ1917 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በ1922 ዲትሮይት ላይ የሜሪል ፓልመር፣ ቦስተን ላይ ደግሞ አቢጌል ኤሊየት የመራችው የሩግልስ ስትሪት የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የቦስተኑ ሲጀመር የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት ነበር፤ ኋላ ወደ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚሁ ዘመን የሮክፌለር ቤተሰብ መታሰቢያ ፈንድ ለአዮዋ፣ ለሚኒሶታ፣ ለበርክሊና ለሌሎች የሕፃናት ምርምር ተቋማት ገንዘብ ሰጠ። በየስቴቱ ኮሌጆችም የቤት አያያዝ ትምህርት ክፍሎች ለሴት ተማሪዎቻቸው መለማመጃ እያሉ የየራሳቸውን ከፈቱ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ቢሆኑም ያሠለጠኗቸው መምህራን ራቅ ብለው ሄዱ። በ1933 በኢኮኖሚው ውድቀት ጊዜ ፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን ሲከፍት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናቶች ፋብሪካ ሲገቡ፣ በ1965 ሄድ ስታርት የሚባለው ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የቆመ የፌዴራል ፕሮግራም ሲጀመር፣ ለሥልጠናም ለአሠራርም የታየው እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙዎቹ ተዘጉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ነው፦ ከወላጅ የሚሰበሰበው ክፍያ ዲግሪ ላለው መምህር፣ ለትንሽ ክፍልና ለሰፊ ቦታ አይበቃም፤ ጉድለቱን ኮሌጁ ይሸፍናል፣ በጀት ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ይሆናል። የተረፉት ከግማሽ ቀን ወደ ሙሉ ቀን መሸጋገርና የተማሪ ወላጆችን ልጆች መቀበል የጀመሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የማን ልጅ ነው የሚጠናው የሚለው ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው የማርሽሜሎ (ለስላሳ ከረሜላ) ሙከራ የተሠራው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢንግ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1966 ነው። አንዱን አሁን ብላ፣ ወይም ጠብቀህ ሁለት ውሰድ የተባሉት ልጆች በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። መታገሥ የቻለ ልጅ ኋላ ይሳካለታል የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ በሆኑ፣ ከተለያየ ኑሮ በመጡ ልጆች ሲያዩት፣ የቤተሰቡ ሁኔታ ሲታሰብበት ግንኙነቱ በጣም አነሰ። የስደተኛ ልጅ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ካልተቀመጠ፣ መጽሐፍ ላይ ያለው «መደበኛ ልጅ» የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ምዝገባው። ቅድሚያው በአብዛኛው ለኮሌጁ ተማሪዎች፣ ቀጥሎ ለሠራተኞችና ለመምህራን፣ በመጨረሻ ለውጭ ሰው ነው። ስለዚህ ወላጅ ራሱ ኮሌጁ ውስጥ ኮርስ ከያዘ ወረፋው ሊያጥር ይችላል፤ ስንት ክሬዲት እንደሚጠይቁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከየቦታው ይለያያል። ፔል ግራንት (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ) የሚያገኝ ተማሪ ወላጅ ካምፒስ የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ ከክፍያው የተወሰነውን ሊሸፍንለት ይችላል፤ በ1998 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። ሁሉም ኮሌጅ የለውም፣ ገንዘቡም በየዓመቱ በኮንግረስ የሚወሰን ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቀድሞ ካልተሞላ ጥያቄው እዚያው ይቆማል።

ወረቀት ላይ ሰው የሚሰናከለው በክትባት ካርድ ነው። የኢትዮጵያው ካርድ ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ይሞላል። 12/11/2014 ብሎ የተጻፈ ሐምሌ 12 ቀን 2014፣ በፈረንጅ ጁላይ 19 ቀን 2022 ነው፤ እዚህ ቢሮ ያለችው ሠራተኛ ግን ዲሴምበር 11 ቀን 2014 ብላ ታነበዋለች፣ ልጁም ሳይወለድ የተከተበ ይሆናል። ቀኖቹን አስቀይራችሁ፣ የሕፃናት ሐኪሙ በስቴቱ ፎርም ላይ እንዲገለብጠው አድርጉ። አገር ቤት በመደበኛው ፕሮግራም የጆሮ ደግፍና የችክን ፖክስ ክትባት ስለማይሰጥ እነዚህ ይጎድላሉ፤ ቀጠሮውን ከምዝገባው ቀን በፊት ያዙ።

የሚፈረሙት ፎርሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ተማሪዎች ለኮርስ ሥራ ልጁን ማየታቸው አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እሱን እምቢ ብሎ መግባት የለም። ምርምር ግን በፈቃድ ነው። ለእያንዳንዱ ጥናት የተለየ ፎርም ይመጣል፣ አልፈልግም ማለት ይቻላል፣ ጀምሮ መተውም ይቻላል። የፎቶና የቪዲዮ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ሳታነቡ ሁሉንም አትፈርሙ፣ ፈርታችሁም ሁሉንም እምቢ አትበሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ያለው የመመልከቻ ክፍል አላቸው፤ ወላጅም እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱ አሉ። በር ላይ እያለቀሰ የተለየ ልጅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ሆኖ ማየት ከስንት ስልክ ይሻላል።

ክፍሉን ስትጎበኙ ሰው ቁጠሩ። የኤን ኤ ኢ ዋይ ሲ (የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር) እውቅና መስፈርት ለፕሪስኩል ዕድሜ ከ20 ልጅ የማይበልጥ ክፍልና ለ10 ልጅ አንድ መምህር ይላል። ተለማማጅ ተማሪዎች ሲጨመሩ ክፍሉ ሞልቶ ይታያል፤ ፈተና ሲደርስ ግን እነሱ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ጠቅላላውን ሳይሆን ቋሚዎቹን መምህራን ጠይቁ። «ሲጫወት ይውላል፣ ምን ተማረ?» የሚል አባት ካለ የእንጨት ብሎኮቹን ይይ። መምህርቷ ካሮላይን ፕራት የነደፈችው መደበኛው ብሎክ በግምት 3.5 በ7 በ14 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀጣዩ ርዝመቱ እጥፍ፣ ከዚያም የእጥፉ እጥፍ። ልጁ ሁለት ትንንሽ ገጥሞ አንዱን ትልቅ ሲያክል ክፍልፋይ በእጁ እየሠራ ነው።

ትልቁ ችግር የሚመጣው በጊዜ ሰሌዳው ነው። በሴሚስተሮች መካከል፣ በገና ሰሞንና በስፕሪንግ ብሬክ የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ ኤርፖርት ወይም ፓርኪንግ ሺፍት ላይ ላለ ወላጅ ይህ ከባድ ነው። የዓመቱን ካሌንደር ሳትፈርሙ በፊት ውሰዱ፣ በተዘጉት ሳምንታትም ክፍያ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቁ።

ቤት አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ መጀመሪያ ላይ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው ብቻውን የዕድገት መዘግየት አይደለም። መምህሯ ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በቃ የሚሉትን እንድትለይ በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስጧት፤ የጾምና የአሳማ ነገርም እዚያው ወረቀት ላይ ይግባ። ግምገማ ይደረግለት ከተባለ ከ3 ዓመት በታች ለስቴቱ የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም፣ ከ3 በላይ ለትምህርት ዲስትሪክቱ ይቀርባል፤ ነፃ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በራሱ ቋንቋ እንዲገመገም ያዛል፣ ስለዚህ አስተርጓሚ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩም የአማርኛውና የእንግሊዝኛው አንድ ላይ ይቆጠሩለት።

ዴይኬር ውስጥ የምትሠሩ እኅቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አላችሁ። ለሲዲኤ (የሕፃናት መምህርነት ብቃት ማረጋገጫ) ሰርተፊኬት 120 ሰዓት ሥልጠናና ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተሠራ 480 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠሩ 24 ሳምንት ነው። ኮሌጁ ላብ ስኩል ውስጥ ረዳት ሆኖ የተሠራው ሰዓትም ይያዛል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የፕሪስኩል ሲዲኤ የምትፈልግ ሴት ሰዓቷን በጨቅላ ክፍል ብትጨርስ አይቆጠርላትም፤ ሰዓቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር መሆን አለበት። ሥልጠናውም ስምንት ርዕሶች ላይ ተከፍሎ በእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰዓት ይጠየቃል፤ አንዱ ላይ 9 ከሆነ ጠቅላላው 120 ቢሞላም ፋይሉ ይመለሳል።